ድንኳኑ ታስሯል፤ መንገዱን ማንን ልጠይቅ?

ይህ ጽሑፍ ስለ ሞተርና ስለ ድንኳን ነው። «ሰው ወጥቶ መግባት ባቃተው ዘመን ስለ ካምፒንግ ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ለእሱ መልስ አለኝ፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ።

አምና እኔና ሁለት ጓደኞቼ በሞተር ባሌ ደርሰን ለመመለስ አሰብን። ከአዲስ አበባ በሞጆና በባቱ አድርገን ሻሸመኔ፣ ከዚያ በዶዶላና በአዳባ ዲንሾ፣ ከዲንሾ ሮቤና ጎባ፣ ከጎባ ደግሞ ሳነቴን አቋርጠን ወደ ሐረና ጫካ፣ ሪራ። እስከ ዲንሾ ብቻ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከስድስት ሌሊት አራቱን በድንኳን ልናድር ነበር። ሞተሮቻችን የቅንጦት አይደሉም፤ በሌላው ቀን ዕቃ የምናመላልስባቸው፣ ባለ 150 ሲሲ የሥራ ሞተሮች ናቸው። የአንደኛው ጓደኛችን አባት የጎባ ልጅ ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ጓደኛችን ያደጉበትን ቤት አላየውም። እዚያ የቀሩት አንዲት አክስቱ ብቻ ናቸው። ጉዞው ለእኔ ሽርሽር ነበር፤ ለእሱ ግን ከዚያ በላይ ነበር።

ዝግጅቱ ሦስት ወር ፈጀ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባል የለ? እኛም ቀስ ብለን ለመታጠቅ ተስማማን። አንድ ወረቀት ላይ አሥራ አራት መስመር ጻፍን፤ ያለቀውን እያየን ምልክት እናደርጋለን። መስመሮቹን በአጭሩ ላስነብባችሁ፤ ክርክሬ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና።

ጎማ። የተበላውን ቀየርን። ለእያንዳንዳችን ሁለት መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያ፣ የእጅ ፓምፕ ያዝን። መካኒካችን ግን በዚህ አልለቀቀንም። «ጎሚስታ በሌለበት ሜዳ ላይ ሆናችሁ እኔ ጋ እንዳትደውሉ» አለና የኋላውን ጎማ ራሳችን እንድንፈታ፣ እንድንለጥፍ፣ እንድንገጥም አደረገን። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። በሦስተኛው ወደ አርባ ደቂቃ ወረደ።

ሞተር። ዘይት ተቀየረ፣ ሰንሰለቱ ታጥቦ ተቀባ፣ አዲስ ካንዴላ ተገዛ። የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫውን መለዋወጫ ኬብል ከነባሩ ጎን ለጎን ዘርግተን በፕላስተር አሰርነው፤ ነባሩ መንገድ ላይ ቢበጠስ አዲሱን ማገናኘት ብቻ ይሆናል።

ጭነት። ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ ወደ ነጂው መጠጋት አለበት። ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ከታሰረ የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ ኮረት ላይ መሪው ይዋልላል። ሙሉ ጭነት ጭነን ቢሾፍቱ ደርሰን ተመለስን። ያን ዕለት ማታ የጭነቱን ሲሶ ቤት አስቀረነው። ታጣፊ ወንበሩም፣ ትልቁ ፋኖስም፣ ሁለተኛው ድስትም ቀረ።

ከፍታና ብርድ። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። እዚያ ያለው አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር አየር ሲያንሰው ነዳጁ ይበዛበታል፤ ያስላል፣ ጉልበት ያጣል። ሰውም እንዲሁ፤ ራሱን ያመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዲንሾ አድረን ሰውነታችንን ካለማመድን በኋላ እንድንወጣ ወሰንን። በበጋ ሌሊት ውሃ እዚያ ይረጋል። የመኝታ ከረጢት ላይ ጋቢ ጨመርንበት።

ነዳጅ። ታንኩ 11 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ብናስብ በወረቀት ከ400 በላይ ያስኬዳል። ጭነትና ዳገት ስላለ 300 ብለን ቆጠርን። ነዳጅ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሚከፈለው በስልክ ነው፤ ኔትወርክ ከሌለ ብር ይዘህም ነዳጅ የለህም። ደንባችን «ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ሙላ» ሆነ።

ሰዓት። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ መንዳት የለም። መብራት የሌለው አይሱዙ፣ ጋሪ፣ ከብት፣ ጅብ፤ የማታ መንገድ የእነሱ ነው።

ማደሪያና እሳት። ፓርኩ ውስጥ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ በተፈቀደ ቦታ ብቻ። ከፓርኩ ውጭ ከሆነ መጀመሪያ ቀበሌ፣ ቀጥሎ የአካባቢው ሽማግሌ። ምግብ የምናበስለው ይዘነው በምንሄደው ምድጃ ነው፤ የባሌ አስታ በእሳት ስንቴ እንደተቃጠለ የሚያውቅ ሰው እዚያ ጫካ ውስጥ ክብሪት አይጭርም።

ሰውነት። ሄልሜት ለሁላችን። አንዳችን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወሰደ። የደም ዓይነታችንን ሄልሜታችን ላይ ጻፍን። ስንቃችን በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ።

ውሃው፣ መታወቂያው፣ የፓርኩ ክፍያ፣ ለቤተሰብ የሚተወው የጉዞ ዝርዝር፤ እነዚህም ተሟሉ። አሥራ ሦስቱ መስመሮች አለቁ።

አሥራ አራተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «መንገዱ ሰላም ነው?»

ይህ ግን ባዶውን ቀረ።

አልሰነፍንም። የምናውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ጋ ደወልን፤ «ትናንት አልፌያለሁ፣ ሰላም ነው» አለን። መናኸሪያ ተራ የሚያስከብር ልጅ ጋ ደወልን፤ «ትናንት ተዘግቶ ነበር ሲባል ሰማሁ፣ የዛሬውን እኔ እንጃ» አለን። እዚያው አካባቢ የምትኖር የጓደኛ እህት ጋ ደወልን፤ «ሰላም ነው፤ ግን አትምጡ» አለችን። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አሰብኳት። ሰላም ነው፤ ግን አትምጡ። በእኛ ሀገር ይህ ግራ የሚያጋባ ንግግር አይደለም። ሁላችንም እንረዳዋለን።

በመጨረሻ ምን እንዳደረግሁ ብነግራችሁ ታዝናላችሁ ወይም ትስቃላችሁ። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዜጎቹ የሚያወጣውን የጉዞ ምክር ከፈትኩ። የኢትዮጵያ ካርታ በቀለም ተከፋፍሎ አለ፦ እዚህ ፈጽሞ አትሂዱ፣ እዚህ የግድ ካልሆነ አትሂዱ እያለ። አሜሪካኖቹም የራሳቸው አላቸው። ግብር የምከፍለው እዚህ፣ የተወለድኩት እዚህ፣ የምሄደው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት ውስጥ። የአገሬን መንገድ ግን ለንደንን እጠይቃለሁ! ያ ካርታ ደግሞ የተሠራው ለእኔ አይደለም። አንድ ወረዳ ቢታመስ አካባቢውን በሙሉ ቀብቶ ያልፋል፤ ዛሬ ጠዋት የተከፈተ መንገድ በእሱ ላይ አይታይም። ለአንድ የእንግሊዝ ቱሪስት ይበቃዋል፤ ለእኔ አይበቃኝም።

ጉዞውን ሰረዝነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለን ራሳችንን አጽናናን።

ከሳምንት በኋላ ምን ሰማን? መንገዱ ያን ሳምንት ሙሉ ክፍት ነበር። አውቶቡሱም፣ አይሱዙውም፣ ድንች የጫነውም ሲመላለስ ከርሟል። የዘጋው ታጣቂ አይደለም፣ ጎርፍም አይደለም። መረጃ ማጣት ነው የዘጋብን።

የጎባዋ አክስት ለእኛ ብለው ጭኮ አዘጋጅተው ነበር። ጓደኛዬ ደውሎ እንደማንመጣ ሲነግራቸው ቅር መሰኘታቸውን አልደበቁም። «ጭኮው እንኳ ይቆያል ልጄ፤ የማልቆየው እኔ ነኝ» አሉት።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ።

ያልኩት ነገር ቀላል ነው። አንድ ዜጋ ለረጅም ጉዞ ሲዘጋጅ የእሱ የሆነውን ሁሉ ሊያሟላ ይችላል። ጎማ መለጠፍ ይማራል፣ ብርዱን ያስባል፣ ነዳጁን ያሰላል። አንዱን ነገር ግን ገዝቶም ተምሮም አያገኘውም፦ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለውን። ይህን የሚያውቀውና መንገር ያለበት መንግሥት ነው። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የነገውን ዝናብ ይነግረኛል። የትራፊክ ፖሊስ በከተማው ስለደረሰው አደጋ ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ያሰማኛል። መሬት ተንሸራቶ መንገድ ሲቆርጥ አልፎ አልፎ ማስታወቂያ ይወጣል። ስለ ዋናው ጥያቄ፣ በሰላም ስለማለፍ፣ ግን ሁሉም ዝም ነው።

«ሀገር እንዲህ ሆና ካምፒንግ?» ላልከኝ ወዳጄ አሁን ልመልስልህ። ልክ ነህ፤ የእኔ ጉዞ ቢቀር ማንም አይሞትም። ግን እስቲ እንዲህ አስበው። እኔ ሦስት ወር የመዘጋጀት ዕድል ነበረኝ። ቀኑን መምረጥ፣ ማዘግየት፣ መሰረዝ እችላለሁ። ስልክ የምደውልላቸው ሹፌሮች አሉኝ፣ የእንግሊዝኛ ካርታም አነባለሁ። ይህ ሁሉ እያለኝ ስለ አንድ መንገድ የተረጋገጠ ነገር ካላወቅሁ፣ ምጥ የያዛትን ሚስቱን ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ይዞ የሚወጣው ሰው ምን ያውቃል? ለቅሶ የሚሄደውስ? ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤቷ የምትመለሰው ልጅስ?

የመጨረሻውን ምሳሌ ከአየር ላይ አላመጣሁትም። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመጡ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ እንዲወርዱ ተደርገው ታግተዋል። እነዚያ ልጆች ዝግጅት አላጓደሉም። ትኬት ቆርጠዋል፣ ሻንጣ አስረዋል፣ ወላጅ ጋ ደውለዋል። አሥራ አራተኛውን መስመር ግን የሚሞላላቸው አልነበረም። የእኔ ድንኳን የቅንጦት ነው፤ ጥያቄዬ ግን የእነሱም ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው ተከራካሪ «የመንገድ መረጃ የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ለታጣቂ ይጠቅማል» ይላል። ይህን ክርክር በቁም ነገር ልየው ብዬ ሞከርኩ፤ አልቆም አለኝ። መንገድ የዘጋው ሰው መዝጋቱን ያውቃል። መንገድ የሚጠብቀው ወታደርም ያውቃል። ኬላው ያውቃል፣ መናኸሪያው ያውቃል፣ ተራ አስከባሪው ያውቃል። የማያውቀው ተሳፋሪው ብቻ ነው። ታዲያ ምስጢሩ የሚጠበቀው ከማን ነው? የወታደር እንቅስቃሴ ይነገረን ያለ የለም። «ከዚህ እስከዚህ ዛሬ አትሂዱ» ማለት ምንም ምስጢር አያወጣም።

ሦስተኛው «ገጽታ ይበላሻል፣ ቱሪስት ይሸሻል» ይላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ደስ ብሎን ነበር። ግን ወሬ ሲሰማ ሰው የሚሰርዘው አደገኛውን መንገድ ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ነው። ቀይ ቀበሮ ሊያሳዩን፣ ፈረስ ሊያከራዩን ይጠብቁ የነበሩት የዲንሾ ወጣቶች መንገዳቸው ክፍት ሆኖ ሳለ እንግዳ ሳያገኙ ከረሙ። «ይህ ዝግ ነው» ብሎ በድፍረት የሚናገር አካል ቢኖር፣ «ያኛው ክፍት ነው» ሲል ሰው ያምነዋል። ስለ ሁሉም ዝም የሚል ግን ክፍቱንም መንገድ አብሮ ይዘጋዋል።

አራተኛው «አቅም የለም» ይላል። አቅሙ አለ። መረጃው በየቀኑ ከኬላ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን በስልክ ይሄዳል። የቀረው ወደ ሕዝቡ መዞሩ ነው። የምጠይቀው ትንሽ ነው። ለዋና ዋና መንገዶች በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ መስመር ይውጣ፦ ክፍት፣ ዝግ፣ ወይም በጥንቃቄ፤ መረጃው የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍበት። በሬዲዮ ይነገር፣ በአጭር የስልክ ቁጥር ይምጣ፣ መንገዱ በሚያልፍበት ሕዝብ ቋንቋም ይሁን። ሲሳሳቱ ደግሞ «ተሳስተናል» ይበሉ። ይህን ለመሥራት ሕንፃም ብድርም አያስፈልግም።

ለእኛ ለሞተረኞችም የምለው አለኝ፤ ጣት መቀሰር ብቻ ደግ አይደለም።

አንዳንዶቻችን ዝግጅት ማለት ዕቃ መግዛት ይመስለናል። ሄልሜት ላይ ካሜራ ይገጠማል፤ የጎማ መፍቻ ግን የለም። ጓንቱ ከውጭ ይመጣል፣ መለጠፊያው ይረሳል። ማታ ይነዳል፣ «እግዜር ያውቃል» ይባላል። እግዜርማ ያውቃል፤ አንተ ነህ የማታውቀው! የመንገድ መረጃ ይሰጠኝ የሚል ሰው በእጁ ያለውን አሥራ ሦስት መስመር አሟልቶ መምጣት አለበት። ደግሞም መንግሥት «ዝግ ነው» ሲል መመለስን እንልመድ። መመለስም የዝግጅት አካል ነው፤ ከቤት ሳይወጡ «እዚህ ቦታ ይህን ካየን እንመለሳለን» ብሎ መስማማት ያስፈልጋል። እኛ ያን መስመርም ጽፈነው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሞተረኛ በጥርጣሬ የሚታይ ሰው ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ወንጀልን ለመከላከል ተብሎ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው አልልም፤ በሞተር የተነጠቀ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ግን ጥርጣሬው ከከተማው አልፎ ተከትሎን ወጥቷል። ቢሾፍቱ ጭነት በሞከርንበት ቀን አንድ ፈታሽ ድንኳኑን አስፈትቶ «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። «ድንኳን ነው» አልኩት። «ለምን? ሆቴል የለም?» አለኝ። ልጁን አልፈረድኩበትም፤ ሜዳ ላይ ማደር የሚወድ ሰው ገጥሞት አያውቅም ይሆናል።

ያን ዕለት ስመለስ ያሰብኩት አያቶቼን ነበር። በእነሱ ዘመን መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ወደ ሰው ደጅ ሄዶ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። መልሱ «ቤት የእግዜር ነው፤ ግባ» ነበር። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው እግሩ ከታጠበና እራት ከበላ በኋላ ነው። ያ ሰው ድንኳን አላስፈለገውም፤ የመንገድ ማስታወቂያም አላስፈለገውም። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ማስታወቂያው ነበር። ዛሬ ያ መተማመን ሳስቷል። ነገ ጠዋት ተመልሶ እንደማይመጣም አውቃለሁ። እስኪመለስ ግን ቢያንስ እውነቱን እንነጋገር፤ የትኛው ደጅ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው እንደተዘጋ ይነገረን።

ዘንድሮም ለመሄድ አስበናል። ጎማዎቹ ደህና ናቸው፣ ድንኳኑ ታጥቦ ደርቋል፣ ኬብሎቹ እንደታሰሩ ናቸው። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፤ አሥራ ሦስቱ መስመር ምልክት ተደርጎበታል።

አሥራ አራተኛውን የመሙላት ሥልጣን ያላችሁ ሰዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለእኔ አይደለም፤ እኔ ሽርሽሩን ልተወው እችላለሁ። ጎባ ውስጥ አንዲት አሮጊት ጭኮ አስቀምጠው የወንድማቸውን ልጅ ይጠብቃሉ። ጭኮው ይቆያል።